ፈቃዱን ያዘገየው መዳቡ ነው

ጥያቄው ከእንጅባራ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ከቻግኒ ወደ ምዕራብ ወረድ ብሎ የወርቅና የመዳብ ምርመራ ፈቃድ ያለን አክሲዮን ማኅበር ነን። ቁፋሮው በአማካይ በቶን 2.1 ግራም ወርቅና 0.6 በመቶ መዳብ አሳይቶናል። የማምረት ፈቃድ ከጠየቅን 19 ወር ሆነን። ማመልከቻው ‹የአካባቢ ጥናቱና የዝቃጭ ግድቡ ንድፍ ይሟላ› እየተባለ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። ባለአክሲዮኖች ታክቷቸዋል። ከቦርዱ ግማሹ ‹ፈቃዱ መድረሱ አይቀርም፤ እስከዚያ መንገዱንና የፋብሪካውን መሠረት በባንክ ብድር እንጀምር› ይላል። ቀሪው ‹ሸጠን እንውጣ› ባይ ነው። ሰብሳቢው እኔ ነኝ፤ የትኛውን ልስማ?»

እንደምን ሰነበቱ ጌታዬ። ጥናታችሁን ከጥያቄው ጋር ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ምክሬን አስቀድሜ ልንገርዎት፦ ሁለቱንም ወገን አይስሙ። መሠረት አትጣሉ፤ ለአሁኑም አትሽጡ። መልሱ ያለው በሦስተኛ ቦታ ነው፤ እሱም ጥናታችሁ ውስጥ የጎደለው ምዕራፍ ነው።

ስለ ክምችቱ በሚናገረው ክፍል መዳብ በየገጹ አለ። የማጣሪያው ክፍል ላይ ስደርስ ግን አንድም ቦታ አላገኘሁትም። ያ ክፍል የሚገልጸው ንጹሕ የወርቅ ፋብሪካ ነው፦ አለቱ ይፈጫል፣ ወርቁ ሲያናይድ በሚባል መርዛማ ኬሚካል ይሟሟል፣ በካርቦን ይለቀማል፣ የተረፈው ዝቃጭ ወደ ግድብ ይሄዳል። የግድቡ ንድፍም፣ የአካባቢ ጥናቱም የተሠሩት ለዚያ ፋብሪካ ነው። ስለዚህ ማመልከቻችሁን የሚያየው የፈቃድ ሰጪው መርማሪ ሦስት ጊዜ የመለሰው ያላችሁን ማዕድን ሳይሆን የሌላችሁን ነው። ቢሮክራሲ አያንዛዛም አልልም፤ ያንዛዛል፤ እኔም በየኮሪደሩ ብዙ ቀን ቆሜያለሁ። የጸጥታው ሁኔታም የራሱን ወራት እንደበላ አውቃለሁ። የእናንተን ማመልከቻ በተመለከተ ግን መርማሪው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን በቁጥር ላሳይዎት። 0.6 በመቶ ማለት በእያንዳንዱ ቶን አለት ውስጥ 6 ኪሎ መዳብ አለ ማለት ነው። መዳብ በሲያናይድ መሟሟቱና አለመሟሟቱ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። በጥልቀት የሚገኘው ነሐስ መሳዩ ካልኮፓይራይት ብዙም አይነካም። አረንጓዴው ማላካይትና ጥቁሩ ካልኮሳይት ግን እንደ ጨው ይሟሟሉ። ከ6 ኪሎው ግማሹ የሚሟሟ ነው እንበል። አንድ ኪሎ መዳብ ሲሟሟ ቢያንስ 2.3 ኪሎ ሶዲየም ሲያናይድ ይዞ ይሄዳል፤ ይህ የኬሚስትሪ ስሌት ስለሆነ ድርድር የለውም። ሦስት ኪሎ መዳብ እንግዲህ በቶን 7 ኪሎ ያህል ሲያናይድ ይፈጃል። ንጹሕ የወርቅ አለት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ከአንድ ኪሎ በታች ነው፤ ጥናታችሁም የጻፈው 0.7 ኪሎ ነው።

ወርቅ አሁን ባለው ዋጋ ይህን ወጪ ይችል ይሆናል፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ከፋብሪካው የሚወጣው ውሃ ነው። የሟሟው መዳብ ከሲያናይዱ ጋር ተጣምሮ ወደ ዝቃጭ ግድቡ ይገባል። አለቱና ውሃው በክብደት እኩል ከሆኑ፣ ያልታከመው ውሃ በሊትር ከ3,000 ሚሊግራም በላይ ከመዳብ ጋር የታሰረ ሲያናይድ ይይዛል። ዓለም አቀፉ የሲያናይድ አያያዝ ደንብ ለወፍና ለእንስሳት ደኅንነት ሲል በክፍት ግድብ የሚፈቅደው በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። እናንተ ለማከሚያው የያዛችሁት አንዲት ትንሽ ጋን ናት። ከቦታችሁ የሚወርደው ውሃ ደግሞ መጨረሻው ዓባይ ነው። መርማሪው ይህን ስሌት በወረቀት ጠርዝ ላይ ሠርቶ ቢያየው ምን ያድርግ?

ይህን በመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። ገና ወጣት ሳለሁ በተቀጠርኩበት አንድ ፋብሪካ የማሟሟቱ ሙከራ ሳይጠናቀቅ ስድስት ትልልቅ ጋኖች በኮንክሪት ላይ ቆመው ጠበቁን። «ጊዜ እንቆጥብ» ተብሎ ነበር። የእኔ ሥራ በየሁለት ሰዓቱ ናሙና ቀድቶ ነጻውን፣ ማለትም ከመዳብ ጋር ያልታሰረውን ሲያናይድ በብር ናይትሬት ጠብታ መለካት ነበር። ጤነኛ በሆነ ጋን ጠብታው ብዙ ይወርዳል፣ ከዚያ ቀለሙ ይለወጣል። እኛ ዘንድ በአንደኛው ጠብታ ተለወጠ፤ ጋኑ ውስጥ ምንም አልቀረም ማለት ነው። ጧት ሁለት ሰዓት ላይ የጨመርነው ከቀትር በፊት አልቆ ነበር። ሌላ ጨመርን፤ እሱም አለቀ። ካርቦኑ በወርቅ ፋንታ መዳብ ተሸከመ፤ ወርቁ ከዝቃጩ ጋር ወጥቶ ሄደ። እነዚያ ጋኖች በመጨረሻ ለሌላ ነገር ሊውሉ ስላልቻሉ እንደቆሙ ቀሩ፤ ብድሩ ግን ወለዱን አላቆመም። ስለዚህ «መሠረት እንጣል» የሚሉትን የቦርድ አባል ቅንነት አልጠራጠርም፤ መሠረቱ የሚጣለው ለየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ግን ዛሬ እርሳቸውም፣ እኔም አናውቅም።

ለባለአክሲዮኖቹ ማስረዳት ከከበደዎት አንድ ነገር ያድርጉ። ከላይኛው የቁፋሮ ናሙና አረንጓዴ ልባስ ያለበትን ድንጋይ ይምረጡ። በሙቀጫ ይውቀጡት፤ ሙቀጫው ከዚያ በኋላ ለምግብ እንዳይውል። ዱቄቱን በብርጭቆ አድርገው ኮምጣጤ ያፍስሱበት፤ ይፍለቀለቃል፣ ፈሳሹም እያደር ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይሄዳል። በማግስቱ በአሸዋ ወረቀት የተወለወለ የብረት ምስማር ይክተቱበትና ጥቂት ቆይተው ያውጡት። ምስማሩ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ቀዩ መዳብ ነው። በኮምጣጤ እንዲህ በቀላሉ የወጣ መዳብ በሲያናይድም ይወጣል። ጉባኤው ፊት ቢያደርጉት ከእኔ ገጾች የበለጠ ይናገራል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? አለታችሁን በጥልቀት ከፋፍሉት። የጎጃም ደጋ በአብዛኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው የእሳተ ገሞራ ባዛልት የተሸፈነ ነው፤ ወርቅና መዳብ የሚጠበቅባቸው ጥንታዊ አለቶች ብቅ የሚሉት ወደ ምዕራቡ ቆላ ሲወረድና በዓባይ ሸለቆ ወለል ላይ ነው። የእናንተ ቦታ ከእነዚህ አንዱ ነው። እንዲህ ያለ የመዳብና የወርቅ ክምችት ለዘመናት ዝናብና አየር ሲነካው በሦስት ንብርብር ይለያያል። ከላይ ዝገት የመሰለ ቀይ ቆብ አለ፤ ወርቁ እዚያ ይቀራል፣ መዳቡ ታጥቦ ይወርዳል። ከሥሩ የወረደው መዳብ የተጠራቀመበት የበለጸገ ንብርብር አለ። ከዚያ በታች ያልተነካው አለት ይመጣል።

ምዕራብ ኤርትራ ውስጥ ያለው የቢሻ ማዕድን ከእናንተ ጋር በአንድ ጥንታዊ የአለት ቀበቶ ላይ ነው፤ የሠሩትም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከላይኛው ቆብ ወርቅ ማምረት ጀመሩ። በ2013 ወደ መዳቡ ተሻገሩ። በ2016 ደግሞ ዚንክ ማምረት ያዙ። በሲያናይድ የሠሩት ቆቡን ነው። መዳቡ ሲመጣ ዘዴው ተለወጠ፦ የተፈጨው አለት በውሃና በኬሚካል አረፋ ይናጣል፣ የመዳቡ ቅንጣት አረፋው ላይ ተለጥፎ ይንሳፈፋል፣ አረፋው ይገፈፋል። ፍሎቴሽን የሚባለው ይህ ነው። የሚገፈፈው የዳበረ ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ መዳብ አለው፤ ወርቁም በአብዛኛው አብሮት ይሄዳል፤ ዱቄቱም እንደ ወርቅ በትንሽ ከረጢት ሳይሆን በኮንቴይነር ወደ ጅቡቲ ይጫናል። ይህ ሌላ ፋብሪካ፣ ሌላ ገበያ፣ ሌላ ዝቃጭ፣ ሌላ የአካባቢ ጥናት ነው።

የእናንተ ቀይ ቆብ መዳቡን አጥቦ የጨረሰ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። በወርቅ ጀምሮ በመዳብ የሚቀጥል፣ ደረጃ በደረጃ የተጻፈ ማመልከቻ ማቅረብ ትችላላችሁ። ሆኖም ከላኩልኝ ፎቶዎች በሁለቱ፣ 12 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ አረንጓዴ አይቻለሁ። ስለዚህ ሳይሞከር አይታወቅም። ከላይ፣ ከመካከልና ከታች የተውጣጡ ሦስት ድብልቅ ናሙናዎች አዘጋጁ። በእያንዳንዱ ላይ የሚሟሟው መዳብ ተለይቶ ይለካ፤ የተፈጨው ናሙና በጠርሙስ ውስጥ ከሲያናይድ ጋር እየተንከባለለ የማሟሟት ሙከራ ይደረግበት፤ በሁለቱ የታችኞች ላይ የፍሎቴሽን ሙከራ ይጨመር። የምትልኩትን ግማሽ ብቻ አስፈትሹ፤ ግማሹ በሳጥን ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ውጤቱን የሚጠራጠር ገዢ ወይም ባንክ አንድ ቀን ይጠይቃችኋል። የሙከራው ሁሉ ወጪ ለመንገዱ ካሰባችሁት ብድር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው።

ወደ ግድቡ ልምጣ። የመረጣችሁት ሜዳ ወልካ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው፤ ጥናቱ ራሱ ይህን በአንድ መስመር ጽፎ አልፎታል። ጌታዬ፣ ጎጃሜ ወልካን ለባለሙያ አይጠይቅም። በበጋ ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል፤ በክረምት አብጦ በሬ ያሰጥማል። በዚህ አፈር ላይ የቤት ግድግዳ እንኳ ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2014 ካናዳ ውስጥ በማውንት ፖሊ የመዳብና የወርቅ ማዕድን የዝቃጭ ግድቡ ተደርምሶ ሐይቅና ወንዝ ላይ ፈሰሰ። መርማሪዎቹ ምክንያቱን ያገኙት ከግድቡ ሥር ነው፤ በመሠረቱ ውስጥ በአግባቡ ያልታወቀ ደካማ የሸክላ ንብርብር ነበር። ካናዳ ብዙ መሐንዲስ ያላት አገር ናት። እናንተ በሜዳው ላይ የቆፈራችሁት የመሠረት ጉድጓድ ሦስት ብቻ ነው፣ ጥልቀቱም ከሁለት ሜትር አይበልጥም። «ንድፉ ይሟላ» የተባለው ይህ ነው። ወልካው እስከ ምን ድረስ እንደሚወርድ፣ ከሥሩ ምን እንዳለ በቁፋሮ ይታወቅ፤ ካልሆነም ሌላ ቦታ ፈልጉ።

የአሲድ ጉዳይም አለ። ከታችኛው ንብርብር የሚወጣው ድንጋይ ድኝ ያዘለ ነው፤ አየርና ዝናብ ሲነካው ሰልፈሪክ አሲድ ያፈልቃል፣ አሲዱም ብረታ ብረትን ያሟሟል። በአለቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ አንድ በመቶ ድኝ በቶን 31 ኪሎ ያህል የኖራ ድንጋይ ካላገኘ አይበርድም። የኖራ ድንጋይ በደጀን በኩል ሞልቷል፤ ከደጀን ቻግኒ ድረስ የሚያስጭነው ኪራይ ግን ከአሁኑ በሒሳባችሁ ውስጥ ይግባ።

ውሃው ላይ ጊዜ ልውሰድ፤ ከሁሉም በላይ የማሳስበው ይህን ነውና። ማዕድን ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ምንጭና ወንዝ ውስጥ ምን እንደነበረ የሚያሳይ መዝገብ የላችሁም። ጥናቱ ያቀረበው በአንድ ቀን የተቀዱ አራት ናሙናዎችን ነው። መዳብ ያለበት ተራራ ሰው ሳይነካውም ለውሃው ጥቂት መዳብ ይሰጣል። ይህ በቅድሚያ ካልተመዘገበ፣ ነገ አንዲት እናት ላሟ ብትሞትባት ጥፋቱ የእናንተ መሆኑንና አለመሆኑን ማንም ማረጋገጥ አይችልም፤ በእውነት ብትበድሏትም እሷ የምታሳየው ማስረጃ አይኖራትም። መዝገቡ ለሁለታችሁም ነው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ በጋውንም ክረምቱንም ይሸፍን። ጠርሙሱ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ይታጠብ፤ ለብረታ ብረት የሚቀዳው ተጣርቶ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ይደረግበት፤ የአሲድነቱና የሙቀቱ መጠን እዚያው ቆመው ይለኩት። ቀጂው ከመንደሩ የተመረጠ ሰው አብሮት ይሁንና በየገጹ ሁለቱም ይፈርሙ። ፈቃዱን የምትጠብቁበት ጊዜ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? ግንባታ ከተጀመረ በኋላ ይህን መዝገብ በምንም ገንዘብ አትገዙትም።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ይሁንታ ሳይገኝ ሥራ መጀመርን ይከለክላል፤ ፈቃድ ሰጪውም መሥሪያ ቤት ይሁንታው መኖሩን ሳያረጋግጥ ፈቃድ እንዳይሰጥ ያስገድዳል። ሕዝቡ ጥናቱን አይቶ አስተያየት እንዲሰጥበትም ይደነግጋል፤ የእናንተ ጥናት ላይ የስብሰባ ፎቶ አለ፣ ሰዎቹ የተናገሩት ግን አልተጻፈም። ይጻፍ፤ ተቃውሞውም ጭምር። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት የምርመራ ፈቃድ ለሦስት ዓመት ይሰጣልና የእናንተ የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ ተመልክታችሁ የእድሳቱን ጥያቄ ጊዜው ሳያልፍ አስገቡ። አንዳንድ ሰዎች የማቆያ ፈቃድ ጠይቁ እንዳሏችሁ ጽፈውልኛል። ያ ፈቃድ የታሰበው ገበያው ወይም ቴክኖሎጂው ላልፈቀደለት ክምችት ነው፤ ላልተሟላ ጥናት መጠለያ አታድርጉት።

ፈቃድ በእጅ መግባቱም ማዕድን ተከፈተ ማለት አይደለም። የምዕራብ ወለጋው ቱሉ ካፒ እ.ኤ.አ. በ2015 የማምረት ፈቃድ አግኝቶ ወርቅ ሳያወጣ አሥር ዓመት አልፎበታል፤ ገንዘብ ማሰባሰቡና ጸጥታው ያዙት። የጉጂው የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ደግሞ በ2018 ፈቃዱ ታድሶለት ሳለ ከብክለት ጋር በተያያዘ በተነሳ የሕዝብ ተቃውሞ ታገደ። ሁለቱም ለእናንተ የሚናገሩት አለ፤ በተለይ ሁለተኛው።

ይህን ስጽፍ በቦታው ላይ ያሉት ገበሬዎች ከዓይኔ አልጠፉም። በእናንተ በባንጃና በፋግታ በኩል ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ በአራት በአምስት ዓመቱ ከሰል እያከሰለ ይሸጣል፤ ዓመታቱን አስልቶ ነው የሚተክለው። ከቻግኒ በታች ያለው ደግሞ ማንጎ ይተክላል። «መሬታችሁ ለማዕድን ይፈለጋል» ከተባለ ጀምሮ ግን መትከል ትቷል። ከተከለ «ካሳ ፈልጎ ነው» ይባላል፤ ካልተከለ ልጆቹ ምን ይብሉ? የእናንተ 19 ወር ለእርሱም 19 ወር ነው፤ ለእርሱ ስብሰባም፣ ቦርድም የለውም። የካሳ አዋጁ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ ግን አዋጁ እስኪነቃነቅ አትጠብቁ። አሁኑኑ ከወረዳውና ከሽማግሌዎች ጋር ሆናችሁ የእያንዳንዱን ይዞታና ዛፍ መዝግቡ። የማትፈልጉትን ቦታ ለይታችሁ በጽሑፍ «እዚህ ትከሉ» በሏቸው፤ ከካርታችሁ እንዳየሁት ከያዛችሁት መሬት ግማሽ በላዩ ምንም ነገር አይሠራበትም። በወንዙ ዳር ወርቅ የሚያጥቡትንም መዝግቡ። እነርሱ ከእናንተ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ወርቁን ያሳዩአችሁም እነርሱ ናቸው።

የመሸጡን ነገር መጨረሻ ላይ ያደረግሁት አስቤበት ነው። ፈቃድን ለሌላ ማስተላለፍ የፈቃድ ሰጪውን ቅድሚያ ስምምነት ይጠይቃል፤ ስለዚህ በእናንተና በገዢው ፊርማ ብቻ አያልቅም። ከዚያም በላይ፣ ዛሬ የሚመጣ ገዢ ይህንኑ ጥናት አንብቦ የጎደለውን እኔ ባየሁበት ፍጥነት ያያል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይቆርጣል። የሦስቱ ናሙናዎች ውጤት፣ የአንድ ዓመት የውሃ መዝገብና የወልካው ቁፋሮ በእጃችሁ ካለ በኋላ ግን ሸሪክ መፈለግን እደግፋለሁ። የፍሎቴሽን ፋብሪካ በእንጅባራና በቻግኒ ነጋዴዎች ቁጠባ ብቻ የሚቆም አይመስለኝም፤ ይህንንም ለባለአክሲዮኖቹ ሳይሸፍኑ ይንገሯቸው።

ሚያዝያ እየተጋመሰ ነው፤ የበጋውን የውሃ ናሙና ለመቅዳት የቀራችሁ ጥቂት ሳምንት ነው፤ ዝናቡ ከገባ እስከሚቀጥለው ዓመት ይዘገያል። የምንጮቹንና የጅረቶቹን ካርታ ከቦታው ሰዎች ጋር ሠርታችሁ ላኩልኝ። የሚቀዳባቸውን ነጥቦች ከግድቡ በላይም በታችም ምልክት አድርጌ በሳምንት ውስጥ እመልስላችኋለሁ።